በጃፓንኛ ስም ሲዘረዘር፦ «ቶ»፣ «ያ»፣ «ቶካ» እና ዘመዶቻቸው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ጃፓን ውስጥ ቋንቋ ሲማሩ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ከጻፏቸው ዓረፍተ ነገሮች አራቱ በቀይ ተሰምሮባቸው ተመልሰዋል። አንደኛው «ዋታሺ ዋ ሃሃ ያ ኣኔ ቶ ሱንዴ ኢማሱ» (ከእናቴና ከእህቴ ጋር ነው የምኖረው) ይላል። ሁለተኛው ለሥራ ማመልከቻ የተጻፈ ነው፦ «ኤኩሴሩ ቶካ ዋኣዶ ቶካ ትሱካኤማሱ» (ኤክሴልና ወርድ መጠቀም እችላለሁ)። ሦስተኛው የምስጋና ደብዳቤ ላይ ያለ ነው፦ «ታናካ ሴንሴይ ናዶ ኒ ኦሴዋ ኒ ናሪማሺታ» (መምህር ታናካና ሌሎችም ረድተውኛል)። አራተኛው ደግሞ ስለ ስጦታ ነው፦ «ፉኩ ዳኖ ኩትሱ ዳኖ ሞራይማሺታ» (ልብስና ጫማ ተሰጠኝ)። «መዝገበ ቃላቴ ሁሉንም ‹እና› ወይም ‹ወዘተ› ብሎ ነው የሚፈታቸው፤ ታዲያ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ።

አራቱም ሰዋስዋቸው ቀና ነው። ያሳሳተዎት «እና» የሚለው ፍቺ ነው። ጃፓኖች «ጆሺ» የሚሏቸው፣ ከስም ኋላ የሚለጠፉት እነዚህ ትንንሽ ቃላት ስምን ከስም ያያይዛሉ፤ ግን ዋና ሥራቸው ያ ብቻ አይደለም። ስሙን ስላልጠሩት ነገር ይናገራሉ፦ ሌላ አለ ወይስ የለም? ደግሞም ዝርዝሩን የሚያቀርበው ሰው ነገሩን እንዴት እንደሚያየው ያሳብቃሉ፦ በአክብሮት፣ በንቀት፣ በምሬት፣ ወይም እንደ ዋዛ።

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ልበል። ጃፓንኛውን በፊደላችን ነው የምጽፈው። ረጅም አናባቢን ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ «ኮኦሂኢ» ቡና ነው። የሚጠብቀውን ፊደል ግን እንደ አማርኛው አንባቢው ራሱ ያጥብቀው፤ «ካታ» (ገዛ) ሲነበብ «ታ» ይጠብቃል። በጥቅስ ውስጥ ያለው «ያ» ደግሞ የኛው ጠቋሚ ቃል ሳይሆን የጃፓንኛው ጆሺ ነው።

ከመጀመሪያው እንጀምር። አማርኛ ዝርዝሩን ያስቀድምና ተዘጋ ወይስ ክፍት ነው የሚለውን መጨረሻ ላይ ይናገራል። «ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ዘይት ገዛሁ» ያለ ሰው ዘግቶታል። «ሽንኩርት፣ ቲማቲም ምናምን ገዛሁ» ያለው ደግሞ ክፍት ትቶታል። ተናጋሪው አፉን ከከፈተ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ ጊዜ አለው። ጃፓንኛ ይህን ጊዜ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ስም ጠርተው እንዳበቁ «ቶ» ነው ወይስ «ያ» የሚለውን መወሰን ግድ ነው። «ቶ» ማለት «የምጠራቸው እነዚህ ናቸው፣ አለቀ» ነው። «ያ» ማለት ደግሞ «ለምሳሌ ያህል ነው፣ ሌላም አለ» ነው።

አሁን የእርስዎን ዓረፍተ ነገር ጃፓናዊ ጆሮ ሲሰማው ያስቡት፦ «ከእናቴ፣ ከእህቴና ከሌሎችም ጋር እኖራለሁ»። አድማጩ «ሌሎቹ እነማን ናቸው?» ብሎ ይጠብቃል። አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ተቆጥሮ የሚያልቅ ስለሆነ «ቶ» ይፈልጋል። ጃፓናዊ ተናጋሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁጥሩንም ይጨምርበታል፤ ራሱንም ይቆጥራል፦ «ሃሃ ቶ ኣኔ ቶ ሳንኒን ዴ ኩራሺቴ ኢማሱ»፣ ማለትም እናቴ፣ እህቴና እኔ ሦስት ሆነን እንኖራለን። ቁጥር ካለ ዝርዝሩ የተዘጋ ነው፤ ስለዚህ «ሁለቱ»፣ «ሦስቱ» የሚል ቃል ባለበት «ያ» አይገባም።

ለመምረጥ ሲቸገሩ በአማርኛ ይፈትኑት። ዓረፍተ ነገሩ ላይ «ብቻ» ቢጨምሩ እውነቱ ካልተለወጠ «ቶ» ነው። ከስሞቹ ፊት «እነ» ቢያስገቡ፣ ገበያ ደርሶ የመጣ ሰው «እነ ሽንኩርት፣ እነ ቲማቲም ገዛሁ» እንደሚለው፣ ወይም ከኋላ «ምናምን» ቢጨምሩ የሚስማማ ከሆነ «ያ» ነው። «እነ» እንዲያውም «ምናምን» ከሚለው ይልቅ ለ«ያ» ይቀርባል። ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ነው የሚከፍተው፤ የማቃለል ቃናም የለበትም።

«ቶ» ብቻ የሚገባባቸው ቦታዎች አሉ፤ ፈተና አውጪዎችም ይወዷቸዋል። «ቶኦክዮኦ ቶ ኦኦሳካ ኖ ኣይዳ» (በቶኪዮና በኦሳካ መካከል) ሲባል መካከል የሚኖረው ሁለት የታወቁ ጫፎች ሲኖሩ ነው፤ «ያ» ካስገቡ ጫፉ ይጠፋል። ማወዳደርም እንደዚሁ ነው፦ «ኮኦሂኢ ቶ ኮኦቻ ቶ፣ ዶቺራ ጋ ኢኢ ዴሱ ካ» (ከቡናና ከሻይ የቱ ይሻላል?)። «ኦናጂ» (አንድ ዓይነት) እና «ቺጋኡ» (ይለያል) የሚሉት ቃላትም ሁለቱን ነገሮች በ«ቶ» ነው የሚያስሩት። በተቃራኒው በፈተና ጥያቄ ላይ ከባዶ ቦታው አለፍ ብሎ «ናዶ» የሚል ካዩ ባዶው ቦታ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «ያ»ን ነው።

ቦታቸውን በተመለከተ ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ «ያ» በስሞች መካከል እንጂ ከመጨረሻው ስም ኋላ አይቀመጥም። «ሪንጎ ያ ሚካን ኦ ካታ» (ፖም፣ መንደሪን ምናምን ገዛሁ) ትክክል ነው፤ «ሪንጎ ያ ሚካን ያ ኦ ካታ» ስህተት ነው። «ቶ» ግን ከላይ በማወዳደሪያው እንዳየነው መጨረሻም ላይ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሁለቱም የሚያያይዙት ስምን ብቻ ነው። «ርካሽና ጣፋጭ» ለማለት «ያሱይ ቶ ኦይሺኢ» ቢሉ አይሆንም፤ ቅጽሉ ራሱ መልኩን ቀይሮ «ያሱኩቴ ኦይሺኢ» ይሆናል። ከግስ ኋላ የሚመጣ «ቶ» ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ «ሲሆን፣ ከሆነ» ማለት ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ስሞቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አማርኛ «ና»ን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፦ «ፖም፣ ሙዝና ብርቱካን»። የጃፓንኛ ጽሑፍ ግን ጆሺውን ከመጀመሪያው ስም ኋላ አድርጎ የቀረውን በነጠላ ሰረዝ ይቀጥላል፦ «ሪንጎ ያ ባናና፣ ሚካን ናዶ»። የጋዜጣው ልማድ ይህ ነው። መጨረሻ ላይ ማድረግ ወንጀል ባይሆንም ጽሑፉን ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ያስመስለዋል።

«ቶ» አንድ ወጥመድም አለበት፤ «ጋር» የሚል ፍቺም አለው። «ቶሞዳቺ ቶ ሴንሴይ ኒ ኣይማሺታ» ሲባል ጓደኛዬንና መምህሩን አገኘሁ ነው ወይስ ከጓደኛዬ ጋር ሆኜ መምህሩን አገኘሁ? ሁለቱም ይሆናል። ሁለተኛውን ማለት ከፈለጉ «ቶ» ካለ በኋላ «ኢሾ ኒ» (አብሮ) የሚል ይጨምሩበት።

«ያ» በቁጥር ላይ ሲመጣ ደስ የሚል ነገር ይሠራል። «ኢቺዶ ያ ኒዶ ጃ ናይ» ቃል በቃል የኛው «አንዴ ሁለቴ አይደለም» ነው። (ኦሳካ አካባቢ በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የሚሰሙት «ያ» ግን የዝርዝሩ ዘመድ አይደለም፤ በሌላው አገር «ዳ» የሚባለው «ነው» በዚያ ዘዬ የያዘው መልክ ነው።)

ይህ ሁሉ የፈተና ነጥብ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ስለ ምግብ ልንገረው። ከኛ ሰው ጃፓን ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ የማይበላውን መዘርዘር የማያስፈልገው ጥቂት ነው፤ አንዱ ጾም ይዞ፣ ሌላው ሐላል ብሎ። የጾመኛው ዝርዝር ቁርጥ ያለ ነው። «ኒኩ ሞ ታማጎ ሞ ንዩኡሴይሂን ሞ ታቤማሴን» ካሉ ሥጋም፣ እንቁላልም፣ የወተት ተዋጽኦም አልበላም ማለትዎ ነው። እያንዳንዱ ስም ላይ የተለጠፈው «ሞ» የኛው «ም» ነው፤ ሥራውም አቀማመጡም አንድ ነው፤ ለክርክር ቦታ አይተውም። ሲመጣ ርእስን፣ ባለቤትንና ተሳቢን የሚያመለክቱትን ጆሺዎች፣ «ዋ»ን፣ «ጋ»ን እና «ኦ»ን፣ ከቦታቸው ያስነሳል። እኛም «ሥጋም እንቁላልም አልበላም» ስንል ብዙ ጊዜ «ን»ን እንደምንተወው ማለት ነው።

የሐላሉ ነገር ግን ይለያል። «ቡታኒኩ ቶ ኣሩኮኦሩ ዋ ዳሜ ዴሱ» (የአሳማ ሥጋና አልኮል አይሆንም) ብለው በ«ቶ» ከዘጉት፣ ትጉህ አስተናጋጅ እነዚህን ሁለቱን አውጥቶ የቀረውን ያቀርብልዎታል። በአሳማ ስብ የተጠበሰው ሩዝና ጄላቲን ያለበት ጣፋጭ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። እዚህ ዝርዝሩን ክፍት ማድረግ ይበጃል፤ ግን «ያ» ብቻውን አድማጩን ለግምት ይተወዋል። ምሳሌዎቹን ሰጥቶ በመጨረሻ ወገናቸውን መናገር ይሻላል፦ «ቡታኒኩ ያ ራኣዶ፣ ዜራቺን ናዶ፣ ቡታ ካራ ዴኪታ ሞኖ ዋ ታቤራሬማሴን»፣ ማለትም የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብ፣ ጄላቲንና ሌላም ከአሳማ የተሠራ ነገር መብላት አልችልም። ምግብ አብሳዩ ሳይጠይቅዎት ራሱ ያስብበታል። ምሳሌ ሰጥቶ ወገኑን መሰየም በጽሑፍም ትልቅ መሣሪያ ነው። መደበኛው ቅርጹ «ቶ ኢታ» ነው፦ «ሪንጎ ያ ሚካን ቶ ኢታ ኩዳሞኖ» (እንደ ፖምና መንደሪን ያሉ ፍራፍሬዎች)።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር እንለፍ። «ቶካ» የ«ያ» የቃል ንግግር ወንድም ነው፤ ግን ከወንድሙ የበለጠ ነፃነት አለው። ስም ላይ ብቻ ሳይሆን ግስና ቅጽል ላይም ይለጠፋል፤ ከመጨረሻው ስም ኋላም ሊደገም ይችላል፤ ለአንድ ስም ብቻውንም ይመጣል። «ኮኦሂኢ ቶካ ኖማናይ?» ማለት «ቡና ምናምን አንጠጣም?» ነው። ቡናውን የጠራው ለስሙ ነው፤ ሻይም ጭማቂም ቢሆን ግድ የለውም። ግብዣውን ቀለል ያደርገዋል፤ እምቢ ማለትንም ያቀልላል። ወጣቶች አንድ ነገር ብቻ ኖሮ እንኳ ንግግራቸውን ለማለስለስ በየቃሉ ሲለጥፉት «ቶካ ቤን» (የ«ቶካ» ዘዬ) የሚል የፌዝ ስም ወጥቶለታል። የኛ ታላላቆች «ምናምን» የሚበዛበትን የልጆች ወሬ ሲሰሙ የሚያሳዩት ፊት እዚያም አለ።

ማመልከቻው ላይ የወደቀውም በዚህ ነው። «ኤኩሴሩ ቶካ ዋኣዶ ቶካ» ለቀጣሪው «ኤክሴል ምናምን፣ ወርድ ምናምን እችላለሁ» እንደማለት ነው። የሚጻፈው «ኤኩሴሩ ያ ዋኣዶ ናዶ ኖ ሶፉቶ ጋ ትሱካኤማሱ» ነው። የሚችሉት ሁለቱን ብቻ ከሆነ ደግሞ በ«ቶ» ይዝጉት፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ሌላስ?» ተብሎ ከመደንገጥ ይሻላል። ንግግር ላይ «ኤኩሴሩ ያ ዋኣዶ ቶካ» የሚል ድብልቅ ይሰማሉ፤ ጽሑፍ ላይ አይድገሙት። ታላቅን ሲጋብዙም «ቶካ»ን ትተው «ኦቻ ዴሞ ኢካጋ ዴሱ ካ» (ሻይ ቢጤ ይወስዳሉ?) ይበሉ፤ ያው ማለስለስ ነው፣ ግን ጨዋ ነው።

«ቶካ» በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሲመጣ ዝርዝር መሆኑ ይቀርና ወሬ ይሆናል። «ራይጌትሱ ኬኮን ሱሩ ቶካ» ማለት «በሚቀጥለው ወር ልታገባ ነው አሉ» ነው። «አሉ» ከሚለው የተሻለ ፍቺ አላገኘሁለትም።

ሦስተኛው ከአራቱ ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ሰው ያስቀይማል። «ናዶ» በራሱ ንጹሕ፣ መደበኛ ቃል ነው። ከዝርዝሩ መጨረሻ ይመጣና «እና የመሳሰሉት» ይላል፤ ከዕቃ፣ ከቦታ፣ ከምርት ስም ኋላ ምንም አያስከትልም። ከሰው፣ በተለይም ከሚከበር ሰው ስም ኋላ ሲመጣ ግን የማሳነስ ጥላ ያጠላበታል፤ «እንደ ታናካ ያሉት» ወደሚል ያዘነብላል። ራስን ዝቅ ለማድረግ «ዋታሺ ናዶ» (እኔ ምኔ ነኝና) የሚባለውም በዚሁ ጥላ ነው። ራስ ላይ ትሕትና የሆነው ቃል ሌላው ላይ ንቀት ይሆናል።

የተከበሩ ሰዎችን ለምሳሌ ጠርቶ ሌሎቹንም ለማካተት ትክክለኛው መንገድ «ኦ ሃጂሜ» ነው፦ «ታናካ ሴንሴይ ኦ ሃጂሜ፣ ሚናሳማ ኒ ታይሄን ኦሴዋ ኒ ናሪማሺታ»። «ሃጂሜ» መጀመሪያ ማለት ነው፤ እኛም «ከመምህር ታናካ ጀምሮ ሁላችሁም» እንላለን፤ አንድ ናቸው። ሁለት ነገር ያሟሉ። ከፊት የሚጠራው ሰው በማዕረግ ቀዳሚው ይሁን፤ ከኋላ ደግሞ እሱን የሚያጠቃልል ቡድን («ሁላችሁም»፣ «ሠራተኞች በሙሉ») የግድ ይምጣ። ቡድኑን ከዘለሉት ዓረፍተ ነገሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። የረዱዎት ሦስት መምህራን ከሆኑ ደግሞ እንደ እኔ ከሆነ ሦስቱንም በስማቸው መጥራት ከሁሉ ይበልጣል።

የ«ናዶ» የቃል ንግግር መልኩ «ናንካ» ነው፤ ጥላውም የበለጠ ይጠቁራል። ባለሱቅ ሸሚዝ አንስቶ «ኮሬ ናንካ ዶኦ ዴሱ ካ» ቢልዎት «ለምሳሌ ይሄ እንዴት ነው?» ነው፤ ምንም ክፋት የለበትም። «ዋታሺ ናንካ ማዳ ማዳ ዴሱ» (እኔማ ገና ነኝ) ትሕትና ነው። «ቴሬቢ ናንካ ሚናይ» ማለት «ቴሌቪዥን ምናምን አላይም» ነው፤ ነገሩን ማናናቅ ነው። «ኦማኤ ናንካ ኒ ዋካሩ ሞኖ ካ» ግን «ላንተ ብጤማ ይሄ ሊገባው ነው!» የሚል ስድብ ነው። በአጠቃላይ አሉታ ወይም እንዲህ ያለ የምፀት ጥያቄ ሲከተለው «ናንካ» ምሳሌ መስጠቱን ትቶ መናቅ ይጀምራል። የቦታ ቅደም ተከተሉም ያሳብቃል፦ «ክዮኦቶ ናዶ ኒ ኢታ» ኪዮቶንና ሌላም ቦታ ሄድኩ ነው፤ «ኒ» («ወደ») ቀድሞ «ክዮኦቶ ኒ ናዶ ኢካናይ» ሲሆን ግን «ኪዮቶማ ማን ይሄዳል» የሚል ቃና አለው። ከዚሁ ቤት የሆነው «ናንቴ» ከኋላው «ኦ»ንም ሆነ «ኒ»ን አይቀበልም፤ «ናንካ ኒ» ይባላል፣ «ናንቴ ኒ» አይባልም። ንግግር መጀመሪያ ላይ ሰው ቃል ሲጠፋው «ናንካ…» የሚለው ደግሞ የኛው «እንትን» ነውና ሊፈቱት አይድከሙ።

አራተኛውን ለመረዳት ሁለት ቃላትን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። «ያራ» እና «ዳኖ» ሁለቱም በየስሙ ይደገማሉ፣ ሁለቱም ክፍት ዝርዝር ይሰጣሉ፣ ሁለቱም ስሜት ይጭናሉ። «ያራ» የሚጭነው ብዛትንና ግርግርን ነው። «ሆን ያራ ፉኩ ያራ ዴ ሄያ ጋ ሜቻኩቻ ዳ» ማለት «መጽሐፍ በለው፣ ልብስ በለው፣ ክፍሉ ምስቅልቅሉ ወጥቷል» ነው። «በለው» ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። የተደባለቀ ስሜትንም ይናገራል፦ «ኡሬሺኢ ያራ ሃዙካሺኢ ያራ» ሲባል ደስታው እፍረቱ ተቀላቅሎብኝ ማለት ነው። ነቀፋ የለበትም፤ ተናጋሪው ነገር በዝቶበታል እንጂ አልተማረረም።

«ዳኖ» ግን ተማሯል። «ታካይ ዳኖ ማዙይ ዳኖ፣ ሞንኩ ባካሪ ዩኡ» የሚለው «ተወደደ ይላል፣ አይጥምም ይላል፣ ሥራው ማማረር ብቻ» ነው። ከኋላው የሚመጣው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ ወቀሳ ነው፤ «ፉኩ ዳኖ ኩትሱ ዳኖ፣ ካቴ ባካሪ ኢሩ» (ልብስ ነው፣ ጫማ ነው፣ መግዛት ብቻ) የሚለው ሰው ገንዘቡ አሳስቦታል። ስለዚህ «ፉኩ ዳኖ ኩትሱ ዳኖ ሞራይማሺታ» ሲነበብ «ልብስ ነው፣ ጫማ ነው፣ ሰጠኝ መሰለህ» የሚል ቅር የተሰኘ ሰው ድምፅ አለው። ስጦታ ሰጪው ቢያነበው አዝኖ ይቀር ነበር። «ፉኩ ያ ኩትሱ ናዶ፣ ታኩሳን ኢታዳኪማሺታ» ይበሉ፤ ግሱንም ወደ ትሑቱ «ኢታዳኩ» ቀይሬዋለሁ። የተሰጠዎት ልብስና ጫማ ብቻ ከሆነ ግን «ፉኩ ቶ ኩትሱ ኦ» ብሎ መቁጠር ይሻላል። ምስጋና ላይ «ምናምን» የሚመስል ነገር ባይኖር ይመረጣል።

ከእነዚህ ጎን «ናሪ» አለ፤ መልኩ ይመሳሰላል፣ ሥራው ግን ምርጫ ማቅረብ ነው። «ዴንዋ ናሪ ሜኤሩ ናሪ ዴ ሬንራኩ ሺቴ ኩዳሳይ» ማለት በስልክም ይሁን በኢሜይል፣ ብቻ አሳውቁኝ ነው። ከተጠሩት ውጭ ሌላ መንገድም ይፈቀዳል። ያለፈ ድርጊትን መተረክ አይችልም፤ «ትናንት በስልክ ናሪ በኢሜይል ናሪ አሳወቅኩ» ማለት አይቻልም፤ የሆነው ነገር ታውቋልና ምርጫ የለም። ከኋላው ትእዛዝ፣ ልመና ወይም ምክር ይፈልጋል። ቸልታም ስላለበት ለአለቃ አይመከርም፤ ለሱ «ዴንዋ ማታዋ ሜኤሩ ኒ ቴ» (በስልክ ወይም በኢሜይል) ይሻላል። «ኒሩ ናሪ ያኩ ናሪ ሱኪ ኒ ሺሮ» የሚለው የታወቀ አባባል («ብትቀቅለኝም ብትጠብሰኝም እንደፈለግህ») የቃሉን ጠባይ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

«ኒ»ም አልፎ አልፎ ይዘረዝራል፤ አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበ። «ራኣሜን ኒ ግዮኦዛ ኒ ቢኢሩ» ብሎ የሚያዝ ሰው «ራመን፣ እሱ ላይ ግዮዛ፣ እሱ ላይ ቢራ» እያለ ነው። አብረው የሚሄዱ ነገሮችንም ያጣምራል፤ ቢራና «ኤዳማሜ» (የተቀቀለ ለጋ አኩሪ አተር) «ቢኢሩ ኒ ኤዳማሜ» ናቸው። ድርጊትን ለመዘርዘር ደግሞ ዋናው መንገድ «ታሪ» ነው፦ «ሆን ኦ ዮንዳሪ፣ ኤይጋ ኦ ሚታሪ ሺማሱ» (መጽሐፍ ሳነብ፣ ፊልም ሳይ እውላለሁ)። እዚህ ላይ የሚረሳው መጨረሻ ላይ ያለው «ሺማሱ» ነው፤ ያለሱ ዓረፍተ ነገሩ አያርፍም።

የትኛው በየትኛው የፈተና ደረጃ ይመጣል ለሚለው፣ ጄ ኤል ፒ ቲ (የጃፓንኛ ችሎታ ፈተናው) እ.ኤ.አ. በ2010 ከተሻሻለ ወዲህ ይፋ የሰዋስው ዝርዝር አያወጣም። የመለማመጃ መጻሕፍት ግን «ቶ»ንና «ያ»ን ጀማሪው ላይ፣ «ያራ»ን ከፍ ብሎ ኤን 2 አካባቢ፣ «ናሪ»ን ደግሞ ከሁሉ ከፍ ባለው ደረጃ፣ ኤን 1 ላይ ያደርጓቸዋል። ጃፓን ውስጥ ለሚኖር ሰው ግን ይህ ቅደም ተከተል ብዙ አይጠቅምም፤ «ናንካ»ን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይሰማዋል።

መጨረሻ ላይ ያልጠየቁኝን አንድ ልጨምር፤ የቪዛና የስኮላርሺፕ ወረቀት ለሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ይፋዊ ሰነድ ላይ «ያ»ም «ቶካ»ም ብዙ አይታዩም። በሕግ ጽሑፍ ቦታቸውን «ኦዮቢ» እና «ናራቢኒ» ይወስዳሉ፤ ሁለቱም «እና» ናቸው፤ ግን «ኦዮቢ» የቅርቦቹን ያስራል፣ «ናራቢኒ» ደግሞ የታሰሩትን ከሌላው ጋር ያገናኛል። «ወይም» ሲሆን በተቃራኒው ሰፊውን የሚከፍለው «ማታዋ» ነው፤ በውስጡ ያለውን ጠባብ ምርጫ «ሞሺኩዋ» ይይዛል። የ«ናዶ»ን ቦታ የሚይዘው ደግሞ «ቶኦ» ተብሎ የሚነበበው አንድ የቻይና ፊደል ነው። «ናዶ» በይፋ ጽሑፍ በሂራጋና (በጃፓንኛው የድምፅ ፊደል) ስለሚጻፍ ያንን ፊደል እዚያ ሲያገኙ «ቶኦ» ብለው ያንብቡት። «ፓስፖርት፣ ፎቶግራፍ ቶኦ» የሚል ዝርዝር ካዩ ያልተጠራ ወረቀት ሊኖር ይችላልና ፓስፖርትና ፎቶ ብቻ ይዘው አይሂዱ። ቀድመው ደውለው «ኮኖ ‹ቶኦ› ኒ ዋ ናኒ ጋ ፉኩማሬማሱ ካ» (ይህ «ቶኦ» ምን ምንን ይጨምራል?) ብለው ይጠይቁ።